በሐሰት ተወንጅሎ ከሥራ ቢባረሩስ?

የዛሬው የንባብ ቃላችን «ስንብት» ነው፤ ከሥራ መውጣት ማለት ነው። በአበባ እርሻ ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡ።

አሠሪው «ማዳበሪያ ሰርቀሃል፣ ውጣ!» ቢለውስ? ልጁ ግን ያልሰረቀ ቢሆን? ጠቡ ይቅርና በመጀመሪያ ደብዳቤ ይጠይቅ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብት አሠሪ ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ እንዲገልጽ ያዛል። ወረቀቱን ሳያነቡ ወይም ሳያስነብቡ አይፈረምም፤ ጣትም አይደረግም። «ጥፋቴን አምኛለሁ» የሚል ተጽፎበት ይሆናላ!

ቀጥሎ ፍርድ ቤት ነው። መስረቁን ማስረዳት ያለበት ሰረቀ ያለው አሠሪ ነው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ከሆነ ዳኛው ወደ ሥራው ይመለስ ወይም ካሣ ይከፈለው ብሎ ሊወስን ይችላል። ሠራተኛው ለክሱ የዳኝነት አይከፍልም። ቀኑ ግን ይቆጠራል። ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበተበት ቀን አንስቶ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ይርጋ ማለት ጊዜህ አልፏል ተብሎ መመለስ ነው። ሰው የሚጎዳው ሽማግሌ ልኬ ልይ፣ ዛሬ ነገ ሲል ነው። ሽማግሌም ይላክ፣ ክሱ ግን አይደር።

የሥራ ምስክር ወረቀትም ይጠይቅ፤ በነጻ ነው የሚሰጠው። ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ዝናብና አይጥ ከማያገኛቸው ቦታ አኑሩለት።