የሻገተ ኮርኒስና የቤት ውስጥ አየር

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ጣሪያው አፍስሶ የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ሻገተ። በመጥረጊያ ሳራግፈው ልጄ ማስነጠስ ጀመረ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሻጋታ የረጠበ ቺፑድ ወይም የጂፕሰም ቦርድ ወረቀት ካገኘ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ስፖር የሚባሉት ዘሮቹ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 10 ማይክሮን ስለሆኑ አንድ በአንድ በዓይን አይታዩም፤ ነፋስ ወይም የበር ንዝረት ያስነሣቸዋል። የሚገርመው፣ አንዳንዱ ዓይነት እርጥብ ሳለ ተጣብቆ ይቆይና ሲደርቅ ይበተናል። በደረቁ መጥረግ የማይመከረውም ለዚህ ነው።

በቅድሚያ ቆርቆሮው ይጠገናል። በረኪና የኮርኒሱን ውስጥ ስለማያጸዳ፣ የሻገተው ክፍል በውኃ ረጠብ ተደርጎ፣ በፌስታል ታሽጎ ይወጣል፤ የሚሠራው ሰው ማስክ ያደርጋል፣ ልጁም ከክፍሉ ይርቃል። ሻጋታው ከ1 ካሬ ሜትር ከሰፋ ለባለሙያ መተው፣ ማስነጠሱ ከቀጠለም ሐኪም ማማከር ይሻላል።