ከቤት ኮምፒዩተር ስለሚጠፉ ፋይሎችና ስለ አፈላለጋቸው

እንደሚታወቀው የዛሬ ዕጩ መምህር የትምህርት ዕቅዱንም፣ የፈተና ጥያቄውንም፣ የማርክ ዝርዝሩንም የሚያኖረው በኮምፒዩተር ውስጥ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከፍቶ ባዶ ቢያገኘው ምን ማድረግ እንዳለበት፣ ይልቁንም ምን ማድረግ እንደሌለበት ማወቁ ከሥራው የሚቆጠር ነው። ይህን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን ያቀረብነው ዐዋቂ ሆነን ሳይሆን ተሳስተን ስላየነው ነው።

ነገሩ የደረሰው ባለፈው ክረምት ቁስቋም፣ ከአንድ መምህራችን ቤት ነው። የቁስቋምን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብና ንፋስ ሲበረታ መብራት እልም ይላል። አንድ ምሽት ኮምፒዩተሩ እየሠራ ሳለ እንደ ልማዱ ሄደ። በማግስቱ መብራት ሲመጣ መምህራችን ቢከፍቱት ዴስክቶፑ ላይ አንድም የሳቸው ፋይል የለም። የ27 ዕጩ መምህራን የማስተማር ልምምድ ማርክ የለም፣ የልጆቻቸው ፎቶግራፍ የለም። ከሁሉም በላይ የሟች እናታቸው ድምፅ የለም። እናታቸው በሕይወት ሳሉ ተረት ሲያወሩ በካሴት ተቀድተው ነበር። ካሴቱን ቴፑ በልቶ ካበላሸው በኋላ የቀረው ወደ ኮምፒዩተሩ የተገለበጠው ብቻ ነበር።

እኛ አራት ሆነን በማርክ ሥራው ልንረዳቸው ስንደርስ ጋሼ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ኮምፒዩተር ያውቃል የተባለ የሰፈር ልጅ ደግሞ ፍርዱን ሰጥቷል፤ «ጋሼ፣ ይሄ ቫይረስ ነው። ፎርማት ይደረግና ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫናል።» እኛም እንደሚያውቅ ሰው ራሳችንን ነቀነቅን። ባለቤታቸው ከማጀት ሆነው «ቤቱን ከማፍረሳችሁ በፊት ዕቃው ጓዳ መኖሩን እዩ እንጂ!» ባይሉን ኖሮ የሴትዮዋ ድምፅ ያን ዕለት አልቆለት ነበር። በአገራችን ኮምፒዩተር ምንም ይሁን ምን «ፎርማት አድርገው» ማለት እንደ መድኃኒት ተቆጥሯል። ፎርማቱ ብቻውን ያን ያህል ባያጠፋም እንኳ፣ ከዚያ በኋላ የሚጫነው ዊንዶውስ በርካታ ጊጋባይት ቦታ ስለሚይዝ በቀድሞው ፋይል ላይ ይጻፍበታል።

ፎርማቱ ቀረ። እኛ ግን ሌላ ጥፋት ሠራን። የማርክ ቀን ደርሶ ስለነበር «የጠፋው ይቆየን» ብለን ጋሼ ከማስታወሻ ደብተራቸው እያነበቡ፣ እኛ እየጻፍን የ27ቱን ሰው የአስተያየት ጽሑፍ ስንሠራ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አመሸን። ሁሉንም ዴስክቶፑ ላይ አስቀመጥንና አጥፍተን ተኛን። ጠዋት ስንከፍተው ያም የለም!

ምን እንደሆነ የገባን ያኔ ነው። መብራት በድንገት ሲቋረጥ ዊንዶውስ የተጠቃሚውን መለያ የሚይዝበት ክፍል ሊበላሽ ይችላል። በዚህ ጊዜ ጊዜያዊ የሆነ ባዶ መለያ ይከፍታል። ይህ ጊዜያዊ መለያ እንደ እንግዳ ማረፊያ ክፍል ነው፤ እንግዳው ሲወጣ አልጋው ይገፈፋል፣ በውስጡ የተቀመጠውም ሁሉ ይሰረዛል። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ታይቶ ነበር። ማን አንብቦት! የቀድሞው ፋይል ግን ንክች አላለም። በሲ ድራይቭ ውስጥ ዩዘርስ የሚለውን ፎልደር ስንከፍት በጋሼ ስም የተሰየመ ፎልደር ተገኘ። በውስጡ ማርኩም፣ ፎቶውም፣ የእናታቸው ድምፅም እንደነበረ ቁጭ ብሏል። ወዲያው ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥነው። በኋላም አዲስ መለያ ተከፍቶላቸው ወደዚያ ተዛወረ። በእውነት የጠፋው እኛ በሌሊት የጻፍነው ብቻ ሆነ።

ከዚህ ላይ «ጠፋ» የሚለው ቃል ስንት ነገር እንደሚሸፍን ልብ ይሏል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «እንዴት ይመለሳል?» ሳይሆን «እንዴት ነው የጠፋው?» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ፋይሉ ተዛውሮ ነው። በቅርብ ዓመታት ዊንዶውሶች ዋንድራይቭ የሚባለው አገልግሎት ዴስክቶፑንና ዶክመንትስ የሚለውን ፎልደር ወደ ራሱ ፎልደር ያስገባቸዋል። አገልግሎቱ ሲቋረጥ ዴስክቶፑ ባዶ ይመስላል፤ ፋይሉ ግን ዋንድራይቭ በሚለው ፎልደር ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ወርድ ሳይቀመጥ ተዘግቶ ከሆነም ያልተቀመጡ ጽሑፎችን የሚፈልግበት የራሱ መንገድ አለው። ሪሳይክል ቢንን ማየት ለማንም አይነገርም፤ ሆኖም ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ነገር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ እንደማይገባ፣ ሺፍትን ይዞ ዲሊት ያደረገም እዚያ እንደማያገኘው ይታወቅ።

የፍላሽ ነገር ከተነሣ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ ውስጥ ፋይሎቹ ሁሉ ወደ «ሾርትከት» ተለውጠው ያላየ ዕጩ መምህር ካለ ዕድለኛ ነው። ቫይረሱ ፋይሎቹን አይበላም፤ ይደብቃቸውና በየቦታቸው አሳሳች ሾርትከት ይተካል። ሾርትከቱ ሲነካ ቫይረሱ ወደ ኮምፒዩተሩም ይጋባል። ስለዚህ ሳይነኩ በጸረ ቫይረስ ማስፈተሽ፣ ቀጥሎም የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ነው። እንዲህም ሆኖ ካልታዩ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ መደበቂያቸው ይገፈፋል።

ሌላው የእኛ የአማርኛ ጸሐፊዎች ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ በቪዡዋል ግዕዝና በመሳሰሉት ፎንቶች የተጻፈው ሁሉ ለኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ ስንት የመማሪያ ጽሑፍ ይኖር ይሆን? የቀድሞውን ፎንት ፈልጎ መጫን እንጂ መሰረዝ አይገባም።

እንግዲህ በእውነት የተሰረዘውስ? እዚህ ላይ የስም መጥሪያ መዝገባችንን እናስብ። ተማሪው ዴስክ ላይ ተቀምጧል፤ ስሙና ቦታው በመዝገቡ ሰፍሯል። ፋይል ሲሰረዝ ኮምፒዩተሩ ልጁን ከክፍል አያስወጣም። ከመዝገቡ ላይ ይሰርዘውና ዴስኩን ክፍት ነው ይላል። ልጁ ግን አዲስ ተማሪ መጥቶ ዴስኩን እስኪይዝበት ድረስ እዚያው አለ። ፋይል መላሽ ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ ሬኩቫ፣ የሚሠሩት መዝገቡን ትተው ወይም የመዝገቡን ስርዝ እያነበቡ ዴስክ ለዴስክ በመዞር ነው። ፎቶሬክ የሚባለው በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ጭራሽ መዝገቡን አያይም፤ የፋይሎችን መልክ ብቻ እያየ ይለቅማል። ስለዚህም ያገኛቸውን በቀድሞ ስማቸው ሳይሆን በቁጥር ሰይሞ ያወጣቸዋል።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ፋይል ከጠፋበት ዲስክ ላይ ምንም አይጻፍም። ፕሮግራም አይጫንበትም፣ ፊልም አይወርድበትም፣ የተገኘው ፋይልም ተመልሶ እዚያው አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ማይክሮሶፍት ያወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይል እየሰረዘ በማስቸገሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥርጭቱን ለማቆም ተገዶ ነበር። ያን ጊዜ ኩባንያው ፋይል ለጠፋባቸው የሰጠው ምክር በዚያ ኮምፒዩተር በተቻለ መጠን አትጠቀሙበት የሚል ነበር።

ዲስኩ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን ተስፋው የመነመነ ነው። በዚህ ዓይነት ዲስክ ትሪም የተባለ አሠራር አለ፤ ስሙ እንደተሰረዘ ዘበኛ መጥቶ ልጁን ያስወጣና ዴስኩን ይወለውላል። ከዚያ በኋላ የትኛውም ፕሮግራም ቢዞር የሚያገኘው ባዶ ወንበር ነው።

የጋሼ ኮምፒዩተር እንደ ዕድል የድሮውን የሚሽከረከር ዲስክ የያዘ ነው። ሆኖም እኛ ይህን ሁሉ ከማወቃችን በፊት፣ በዚያው ጠዋት፣ ፋይል መላሹን ፕሮግራም እዚያው ዲስክ ላይ ጭነንበት ነበር። ትንሹ ልጃቸውም ማንም ሳያየው ግማሽ ፊልም አውርዷል። በልጁ ማሳበብ አይቻልም፤ ኮምፒዩተሩን ክፍት ትተን ቁርስ የበላነው እኛ ነን። በኋላ ዲስኩን ነቅለን በገመድ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘንና ፎቶሬክ ከዚህ እያነበበ ወደዚያ እንዲጽፍ አደረግን። ሲያጣራ ዋለ። ሦስት ሺህ የሚያህል ቁጥር ብቻ የተሰየመበት ፋይል ወጣ። አንድ በአንድ መክፈት የማይቻል ስለሆነ በውስጣቸው ያለውን ቃል ማስፈለግ ጀመርን። «ዕጩ መምህር» ብለን ስንጽፍ አንዱም አልመጣ! ለካስ ጋሼ በለመዱት በድሮው ፎንት ነው የጻፍነው፤ ለኮምፒዩተሩ በውስጡ አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። በዚያው ፎንት «ዕጩ» ብለን ጽፈን፣ ያስገኘውን የላቲን ዝብርቅርቅ ገልብጠን በዚያ ስናስፈልግ ፋይሎቹ ተራ በተራ ብቅ ብቅ አሉ።

ሁለተኛ ቅጂ ስለ መያዝ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ግን ቅጂ የሚሆነው ሌላ ቦታ ሲቀመጥና ተከፍቶ ሲታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍቶቻችን ማይክሮፊልም ሥራ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያኖረው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የፊልም ድርጅት «ቶይ ስቶሪ 2»ን በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ሲያጠፋው መጠባበቂያ ቅጂው ሳይሠራ መቆየቱ የታወቀው ያኔ ነው። ፊልሙ የተረፈው ጋሊን ሱስማን የተባለችው ባልደረባ ልጅ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለነበር፣ በቤቷ ኮምፒዩተር ላይ ቅጂ በመገኘቱ ነው።

የጋሼ እናት ድምፅ አሁን በጋሼ ቤት፣ በእኅታቸው ቤትና በአንድ ፍላሽ ላይ አለ። ፍላሹን ባለቤታቸው በየበዓሉ ከሣጥን አውጥተው ያሰሙታል፤ መሥራቱም በዚያው ይረጋገጣል። ከ27ቱ የአስተያየት ጽሑፎች 19ኙን አገኘን። የቀሩትን 8 ጋሼ እንደገና አስጻፉን። ከ8ቱ ሁለቱ የእኛው የጸሐፊዎቹ ነበሩ፤ ሁለተኛው አስተያየት ከመጀመሪያው ጠንከር ብሏል።