ወሰንን መጠበቅና ደምን ማፍሰስ

በቆቦና በራያ ቆላ፥ ዝናም በመጣ ጊዜ እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉ ወንዞች የሚያወርዱት ጎርፍ የማሽላውን ማሳ ያጠጣል፤ ዳሩ ግን ደለሉ ወሰኑን ይሸፍነዋል። እንዲህ ባለው ምድር ጎረቤት ከጎረቤቱ ተጣልቶ ደም ቢያፈስ፥ «ንብረቴን ተከላከልሁ» ማለቱ ያድነዋልን?

ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 ቤት ሲሰረስር በጨለማ የተገደለውን ሌባ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከተገደለው ለይታ፥ በኋለኛው ደም ገዳዩን ተጠያቂ ታደርገዋለች። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 መከላከልን የፈቀደው፥ ሕገ ወጡ ጥቃት የደረሰ ወይም የተቃረበ፥ በሌላ መንገድም የማይመለስ ሲሆንና መከላከሉ ከአደጋው ጋር ሲመጣጠን ነው። የተነቀለ የወሰን ድንጋይ ግን በዳኛ ፊት ይመለሳል፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 ይዞታው ለተነካበት ሰው የሁለት ዓመት የክስ ጊዜ ሰጥቶታል። ሁለት ዓመት የሚጠብቀውን ነገር በአንዲት ቅጽበት በጥይት መጨረስ መከላከል አይባልም።

ወሰን የሚገፋ ሰው በደለኛ መሆኑን አንሸሽግም፤ ኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ 27 ትረግመዋለች። እርግማኑ ግን ለመግደል ፈቃድ አይሆንም።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፥ የተቆጣው የንስሐ ልጃችን ወደ እኛ ሲመጣ መሣሪያውን አስቀምጦ፥ ምስክር ይዞ፥ ወደ ሽማግሌ ወይም ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ እንምከረው። ራያ ቆቦ ባለ ደሞችን የሚያስታርቅ ዘወልድ የተባለ ሥርዓት አለው፤ ከደም በኋላ የሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች ከደም በፊት ቢሰበሰቡ ምንኛ በተሻለ! ማሳው ለከርሞ ይታረሳል፤ የሞተው ወንድም ግን አይመለስም።

የሰላም አምላክ ልቡናችንን ያብርዳልን፤ አሜን።