ሣር በጊዜው ይታጨድ

በበጋ የከሳ በሬ በሰኔ ቀንበር አይችልም። የበጋው መኖ የሚታሰበው ግን በጥቅምት ነው።

ብዙ ሰው ሣሩን የሚያጭደው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው። ክምሩ ትልቅ ይመስላል፤ ምግብነቱ ግን ቀንሷል። ሣር የሚታጨደው ማበብ ሲጀምርና ዝናቡ ሲያባራ ነው። ይህም በደጋና በወይና ደጋ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ጤዛው ከረገፈ በኋላ እጨዱ።

2. ሣሩን አሳስታችሁ አስጡ፤ በቀን ሁለት ጊዜ አገላብጡት።

3. በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንድ ጭብጥ ይዛችሁ ጠምዝዙ። እርጥበት ካወጣ ገና ነው፤ ይቆይ። ቅጠሉ ተሰባብሮ ከረገፈ ግን አልፎበታል።

4. መሬት እንዳይነካው በእንጨት ርብራብ ላይ ከምሩት። ዝናብ እንዳይገባው ጫፉን እንደ ጎጆ ክዳን አሹሉት።

እርጥብ ሣር ከተከመረ ይግላል፤ ይሻግታል። የሻገተ ድርቆሽ ከብት ያሳምማል። የዝሆን ሣር አገዳው ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። እሱን በእርጥቡ ከትፋችሁ አብሉ።

ሒሳብ፦ አንድ በሬ በቀን 6 ኪሎ ድርቆሽ ቢበላ፣ ለ90 ቀን 540 ኪሎ ያስፈልገዋል። ለጥማድ በሬስ ስንት ይሆናል? ደብተራችሁ ላይ አስሉት፤ ከዚያ ማጭዳችሁን ሳሉ።