ሱቁን ለልጁ ያስረከበ ነጋዴና የሕክምና ዋስትናው

ነጋዴ ዕቃውን ከእሳትና ከመንገድ አደጋ ለመጠበቅ ኢንሹራንስ መግባት ከለመደ ቈይቷል። ራሱን ግን፣ ይልቁንም ዕድሜው 60 ዓመት አልፎ ሱቁን ለልጁ በሚያስረክብበት ጊዜ፣ ያለ ዋስትና ይተወዋል። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ያላችሁ አንባብያን ነገሩን አስቀድማችሁ ልታስቡበት ይገባል፤ አንድ የቀዶ ሕክምና ሒሳብ የዓመት ትርፍ ሊወስድ፣ ካልበቃም የመጋዘኑን ዕቃ ከዋጋው በታች ሊያሸጥ ይችላልና።

መሠረቱ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። ይህ ሥርዓት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች ባሉ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ የከምባታው ደምቦያ ከነዚያ አንዱ ነበር። ደመወዝተኛ ያልሆነ ሰው፣ ገበሬም ሆነ ባለሱቅ፣ በቤተ ሰብ ተመዝግቦ የዓመት መዋጮ ይከፍላል፤ አርጅቷል ወይም የቈየ በሽታ አለበት ተብሎም አይመለስም። ይሁን እንጂ ምዝገባው በዓመት ውስጥ በተወሰነ ወቅት ስለሚከናወን፣ ከታመሙ በኋላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ መሮጥ አይጠቅምም። ሕክምናውም ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ወደ ሆስፒታል የሚኬደው በሪፈር ወረቀት ነው። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈኑም፤ ለሽማግሌ ግን መነጽር ቅንጦት አይደለም። መድኃኒት በመንግሥት ፋርማሲ ሲታጣ ከግል መደብር መግዛትም አለ።

እንግዲህ ተጨማሪ ዋስትና የሚፈለገው ለዚህ ጉድለት ነው። አቅም ያለው አስመጪ ከግል ኢንሹራንስ ኩባንያ ፖሊሲ ሊገዛ ይችላል፤ ነገር ግን ከመፈረሙ በፊት የዕድሜ ጣሪያውን፣ የቈየ በሽታ መሸፈኑን፣ ከሁሉ ይልቅ ኩባንያው ውል የገባባቸው ሐኪም ቤቶች የት እንዳሉ ይጠይቅ። ሁሉም አዲስ አበባ ከሆኑ፣ ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጒዞ የሚታከም በሽተኛ የጒዞውንና የማደሪያውን ወጪ ከአረቦኑ ላይ ደምሮ ማስላት አለበት። ዕድር ለቀብር እንጂ ለሕክምና የተቋቋመ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ያለ ልጅ የሚልከው ገንዘብም መልካም ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከሕመሙ በኋላ ነው።

በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው ባለሱቅ የሚበጀው የወረዳው መድንና፣ ከሱቁ ካፒታል ተለይቶ በባንክ የተቀመጠ የመድኃኒት ገንዘብ ነው። በድርጅቱ የቡድን ፖሊሲ ይታከም የነበረ ሰው ደግሞ ውሉ ከማለቁ በፊት ባለው የምዝገባ ወቅት ይመዝገብ። ልጁ የተለየ ቤት መሥርቶ ከሆነ፣ መዝገቡም የተለየ ስለሆነ፣ አባት በልጁ ካርድ እታከማለሁ ብሎ እንዳይዘናጋ።