ጨረቃ ስለ ምን ትሞላለች? ስለ ምንስ ትጎድላለች?

እግዚአብሔር ፀሐይንና ጨረቃን በአራተኛው ቀን በዕለተ ረቡዕ የፈጠራቸው ለማብራት ብቻ ሳይሆን ለምልክትና ለዘመን መለያም ጭምር መሆኑን ከኦሪት ዘልደት እንማራለን። የፀሐይ ምልክትነት ለሁሉ ግልጥ ነው፤ ስትወጣ ይነጋል፣ ስትገባም ይመሻል። ጨረቃ ግን መልኳ በየሌሊቱ የሚለዋወጥ በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ ሰውን ስታስደንቅ፣ አንዳንድ ጊዜም ስታስፈራ ኖራለች። «የጎደለው የጨረቃ ክፍል ወዴት ሄደ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሕፃን አጥጋቢ መልስ የሚሰጥ ሰው ግን ብዙ አይደለም። እንግዲህ ምክንያቱን በቅደም ተከተል እንመልከት።

፩ የጨረቃ ብርሃን ከወዴት ነው?

አስቀድመን ልናውቀው የሚገባን ነገር ጨረቃ የራስዋ ብርሃን የሌላት መሆኑን ነው። እርስዋ ድንጋይና ትቢያ የሞላባት ክብ አካል ናት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ስፋቷ 3,474 ኪሎ ሜትር፣ ከምድር ያላት ርቀትም በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። የምናየው ብርሃን ከፀሐይ ተቀብላ የምትመልሰው ነው፤ ይኸውም ከተቀበለችው ከመቶ ዐሥራ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። በሐምሌ ወር 1961 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ የወረዱት ሰዎች ይዘው የተመለሱት አፈር ጠቆር ያለ ግራጫ መሆኑ ይህንኑ ያስረዳል።

ፀሐይም ከግርዶሽ ጊዜ በቀር ዘወትር የጨረቃን እኩሌታ ታበራለች። ስለዚህ ጨረቃ በእውነቱ አትጎድልም፣ አትሞላምም፤ ከበራው እኩሌታዋ ለእኛ የሚታየን አንዳንድ ጊዜ ብዙ፣ አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ይሆናል እንጂ።

፪ ምሳሌ በፋኖስና በእንቧይ

በጨለማ ቤት ውስጥ ፋኖስ አብርተን በቁመታችን ልክ ራቅ አድርገን እንስቀል። እንቧይ ወይም ብርቱካን በእንጨት ጫፍ ሰክተን፣ እጃችንን ዘርግተን፣ ከራሳችን ጥቂት ከፍ አድርገን እንያዝ። ፋኖሱ ፀሐይ፣ እንቧዩ ጨረቃ፣ ራሳችንም ምድር ይሁን። ፊታችንን ወደ ፋኖሱ ስናዞር የበራው ወገን ከወዲያ ማዶ ስለሆነ ወደ እኛ ያለው ጨለማ ነው፤ ይህ ጨረቃ የማትታይበት የመባቻ ምሳሌ ነው። ወደ ግራ በቀስታ ስንዞር በቀኝ በኩል ቀጭን ብርሃን እንደ ማጭድ ብቅ ይላል። ሩብ ዙር ስንዞር እኩሌታው፣ ጀርባችንን ለፋኖሱ ስንሰጥም መላው በርቶ ይታያል። ከዚያም ብርሃኑ በቀኝ በኩል እየጎደለ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ፋኖሱ አልጠፋም፣ እንቧዩም አልተቆረሰም፤ የተለወጠው እኛ የምናይበት አንጻር ብቻ ነው።

የምትወጣበት ጊዜም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በመባቻ ከፀሐይ ጋር ወጥታ ከፀሐይ ጋር ትገባለች፤ በሰባተኛው ቀን ገደማ በቀትር ትወጣለች፤ ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ስትገባ እርስዋ ትወጣለች፤ በ22ኛው ቀን ገደማ በእኩለ ሌሊት ስለምትወጣ ማለዳ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሠግሥ ሰው ከአናቱ በላይ ያገኛታል። ጨረቃ ምድርን ዞራ ወደ ተነሣችበት ኮከብ የምትመለሰው በ27 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ ነው፤ ነገር ግን ምድርም በዚያው ጊዜ ፀሐይን ለመዞር ወደ ፊት ስለምትሄድ፣ ከመባቻ እስከ መባቻ በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይሆናል።

፫ የምድር ጥላ አይደለም

ብዙዎች ጨረቃን የሚያጎድላት የምድር ጥላ ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። የምድር ጥላ የሚወድቀው ከፀሐይ በተቃራኒ ወገን ነው፤ ግማሽ ጨረቃ ግን ፀሐይ ሳትገባ በሰማይ ላይ አብራት ትታያለች። ታዲያ ጥላው ወደዚያ እንዴት ይደርሳል? ጥላው ጨረቃን የሚያገኛት ሙሉ ስትሆን ብቻ ነው፤ የጨረቃ ግርዶሽ የሚባለውም ይህ ነው። በየወሩ የማይሆነው የጨረቃ መንገድ ከምድር መንገድ በ5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነ ነው።

የፀሐይ ግርዶሽ ደግሞ በመባቻ እንጂ በሌላ ቀን ሊሆን አይችልም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና የታየችው ጨረቃ በመካከል ስላለፈች ነው። ከዚህም ታላቅ ትምህርት እናገኛለን። ጌታችን የተሰቀለው በአይሁድ ፋሲካ ሰሞን፣ ጨረቃ በሞላችበት ጊዜ ነው፤ ጨለማውም ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቷል። ፀሐይ ፈጽማ የምትሸፈንበት ግርዶሽ ግን በአንድ ቦታ ከስምንት ደቂቃ አይበልጥም፣ በሙሉ ጨረቃም አይሆንም። እንግዲህ ያ ጨለማ ተራ ግርዶሽ ነበር ማለት አይቻልም።

፬ ጨረቃና ባሕረ ሐሳብ

የጨረቃ ወር 29 ቀን ተኩል ያህል ስለሆነ፣ 29ና 30 እያፈራረቁ ቢቈጥሩት 12 ወር 354 ቀን ይሆናል። ይህም ከ365 ሲቀነስ 11 ይተርፋል፤ የባሕረ ሐሳብ ጥንተ አበቅቴ 11 መሆኑ ከዚህ የተነሣ ነው። ጥንተ መጥቅዕ 19 ሲጨመርበትም 30 ይሞላል። በ19 ዓመት፣ በንዑስ ቀመር፣ 235 የጨረቃ ወራት ተፈጽመው ፀሐይና ጨረቃ እንደገና ይገናኛሉ። ይሁን እንጂ በያንዳንዱ ቀመር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት ይቀራል፤ ይህም በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ስለሆነም ዛሬ በሒሳብ የምትገኘው ጨረቃ ከሰማይዋ ጨረቃ ጥቂት ቀን ትዘገያለች።

ይህንን የምንናገረው በምክንያት ነው። ቁጥሩን በቃሉ ያጠና ደቀ መዝሙር ቀና ብሎ ሰማይን ሲያይ ልዩነቱን ያገኛል፤ የሚያስረዳውም ካጣ፣ ወይ አባቶቹን ያማል፣ ወይም ዓይኑን ይጠራጠራል። ሁለቱም አይገባም። አባቶች የሠሩት ሥርዓት ምእመናን በአንድነት እንዲጾሙና በአንድነት እንዲያከብሩ ነው፤ ሰማይም በተሰጠው ሕግ ይሄዳል። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ አበቅቴንና መጥቅዕን ስታስተምሩ ልጆቹን በምሽት ወደ ደጅ አውጧቸው። በቃላቸው የያዙትን በዓይናቸው ያዩ ዘንድ ጨረቃ ራስዋ መጽሐፍ ትሁንላቸው።