የሆላንድ ቋንቋ ትምህርት፦ ግሡ የት ይቀመጣል?

ወደ ሆላንድ የመሄድ ጉዳይ የተያዘላቸው ወገኖቻችን «እንግሊዝኛ ካወቅን ደች አይከብደንም» ሲሉ እንሰማለን። በቃላት በኩል እውነት አላቸው። ውሃ «ቫተር»፣ መጽሐፍ «ቡክ»፣ እጅ «ሃንት» ይባላል። ችግሩ የሚመጣው አረፍተ ነገር ሲሠራ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው የሆላንድ ሕግ ጥገኝነት ያገኘ ሰው እንደ ደንቡ በ3 ዓመት ውስጥ የቋንቋ ግዴታውን መፈጸም ስላለበት፣ ከወዲሁ መጀመሩ ይጠቅማል እንላለን።

ዋናው ሕግ ይህ ነው፤ በተራ አረፍተ ነገር የሚረባው ግሥ ሁለተኛውን ቦታ አይለቅም። «ኢክ ቬርክ ፋንዳኽ» ማለት እኔ ዛሬ እሠራለሁ ነው። «ፋንዳኽ» (ዛሬ) ፊት ከመጣ ግን እንደ እንግሊዝኛው «ፋንዳኽ ኢክ ቬርክ» ማለት ስሕተት ነው። «ፋንዳኽ ቬርክ ኢክ» ይባላል። ሁለተኛ ስንል ሁለተኛው ቃል ማለታችን አይደለም። «ኢን ናይሮቢ ቬርክ ኢክ» ስንል «ኢን ናይሮቢ» ሁለት ቃል ቢሆንም የያዘው አንድ ቦታ ነው። («ኽ» ከጉሮሮ ይወጣል፤ ትግርኛ ወይም ዓረብኛ የሚያውቁ አይቸገሩበትም።)

ግሡ ሁለት ከሆነ አንደኛው ወደ መጨረሻ ይሄዳል። «ኢክ ቪል ፋንዳኽ ኔደርላንትስ ሌረን»፤ ዛሬ ደች መማር እፈልጋለሁ። «ቪል» እፈልጋለሁ፣ «ሌረን» መማር ነው።

አሁን ለእኛ የሚቀለው መጣ። «ኦምዳት» (ምክንያቱም) የሚለው ቃል ሲገባ የሚረባው ግሥ ራሱ መጨረሻ ላይ ያርፋል። «ኦምዳት ኢክ ዚክ ቤን» ቃል በቃል «ምክንያቱም እኔ ሕመምተኛ ነኝ» ነው። «ነኝ» መጨረሻ ላይ መዋሉን ልብ በሉ፤ ልክ እንደ አማርኛችን! ስለዚህ እዚህ ላይ እንግሊዝኛውን ትታችሁ በአማርኛ አስቡ።

ስሞች «ደ» ወይም «ሄት» የሚል መነሻ አላቸው። ብዙዎቹ «ደ» ይይዛሉ፤ የትኛው የትኛውን እንደሚይዝ ግን በአብዛኛው ከማጥናት ሌላ መንገድ የለም። ልጃገረድ እንኳ «ሄት ሜይሸ» ናት። ብዙ ቁጥር ሲሆን ሁሉም «ደ» ይሆናል፤ «ሄት ኪንት» (ሕፃኑ)፣ «ደ ኪንደረን» (ሕፃናቱ)። ቃል በደብተራችሁ ስትጽፉ ከነመነሻው ጻፉ።

መልመጃ፦ «ካን» እችላለሁ፣ «ኒት» አይደለም፣ «ኮመን» መምጣት ነው። «ዛሬ መምጣት አልችልም» የሚለውን «ፋንዳኽ»ን ፊት አድርጋችሁ ሥሩ።